የመምህር ገነነ ኮከቦች ለምን ደበዘዙ

የሰው ጎረቤት በግ ይገዛል፣ ቴሌቪዥን ይገዛል፣ ካልሆነለትም ሚስት ያገባል። የእኔ ጎረቤት መምህር ገነነ ግን በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ቴሌስኮፕ አስመጣ።

አስመጣ ስል ገዛ ማለቴ አይደለም፤ አዋሱት እንጂ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ከዋክብት የሚያጠና አንድ ማኅበር አለ። መምህር ለእነሱ ሲጽፍ፣ ሲደውል፣ ሲለምን ጸጉሩ ሸብቷል። በመጨረሻ ሰለቻቸው መሰለኝ እሺ አሉት። ግን ለአንድ ዓመት ነው፤ «የአርባ ምንጭ ሰማይ ለዚህ ሥራ የሚሆን ከሆነ በፎቶ አሳየን» አሉት። ጥርት ያለ ፎቶ ከላከ ቴሌስኮፑ እዚሁ ይቀራል፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥም ጣሪያው የሚከፈት ቤት ይሠራለታል። ካልላከ ግን በሚቀጥለው መስከረም መጨረሻ መጥተው ወደ ሌላ ከተማ ይወስዱታል። ነገሩ ይህ ብቻ ነበር። ፊዚክስ ሲያስተምር ጠመኔ የጨረሰ ሰው ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል እንደማይመጣለት እሱም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል።

ግቢው ከሱቄ ጀርባ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት እኔም ሱቄን ጥዬ ሄጄ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ኦይታም ነበር። ኦይታ ከጫኖ ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሾፌር ስለሆነ ዕቃ ማውረድ ያውቃል ተብሎ ተጠርቶ ነው። የመምህር እናት እማማ ጣይቱም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከካምባ ደጋ የመጡ ናቸው፤ አማርኛ እምብዛም ስለማይሆንላቸው ከልጃቸውም ከእኔም ጋር የሚያወሩት በጋሞኛ ነው።

«ምንድን ነው?» አሉ፣ ነጩን ረጅም ቱቦ እያዩ።

«እማዬ፣ በዚህ ከዋክብት የሚወለዱበትን ቦታ ነው የምናየው» አላቸው።

«ይወለዳሉ እንዴ?»

«ይወለዳሉ። ሰማይ ላይ ደመና የሚመስል ቦታ አለ። ማዋለጃቸው ማለት ነው።»

እማማ ጣይቱ አሰቡበት፤ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ታዲያ ወንድ ልጅ ማዋለጃ ቤት ምን ይሠራል?»

ኦይታ ከሳቁ የተነሳ ሣጥኑን ሊጥለው ነበር።

ሥራው የተጀመረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በታኅሣሥ ነው። ፎቶ ማንሳት ማለት ቁም፣ ፈገግ በል፣ ቀጭ ይመስለኝ ነበር። መምህር እንዳስረዳኝ ግን ያ ደመና በጣም ደብዛዛ ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ሳይከድን ደቂቃዎች መቆየት አለበት። ሰማዩ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም፣ ይዞራል። ስለዚህ ቴሌስኮፑ ከሰማዩ ጋር እኩል መዞር አለበት። ያንን የሚያደርግለት ሞተር አለው፤ ሞተሩ ግን መጀመሪያ ሰሜን ኮከብን ማየት ይፈልጋል። ሰሜን ኮከብ በእኛ አገር ጎንበስ ብሎ ነው የሚኖረው፣ መሬት ሊስም ምንም አይቀረው። ከመምህር ግቢ ሲታይ ደግሞ ተራራው ይሸፍነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች እንቁላል ሆነው ወጡ። እውነቴን ነው፣ ሞላላ።

«መምህር፣ ማዋለጃ ያልከው የዶሮ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ሳቂ አንቺ። ይስተካከላል።»

ደግሞም አስተካከለው። ሌላ ኮከብ እየተከተለ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ፣ ሰሜንን ሳያየው አገኘው። ኮከቦቹ ክብ ሆኑ። ያን ዕለት ከሱቄ ለስላሳ ወስዶ ለሁላችንም ጋበዘ።

ችግሩ ክብ ከሆኑ በኋላ ነው የታየው። በኮምፒውተሩ ሲያሳየን እያንዳንዱ ደማቅ ኮከብ ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ለብሷል። ገላዋን ታጥባ የወጣች ሴት በእንፋሎት ውስጥ ያየችው አምፖል ይመስላል። መሃል ላይ ያለው ደመና፣ ያ ማዋለጃ የተባለው፣ ቅርጹ ተዋጠ። 

«ይሄ አይላክም» አለ መምህር።

መምህር ሥርዓት አለው። «አንድ ነገር ብቻ ትቀይሪያለሽ፣ ከዚያ ታያለሽ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም» ይላል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ የተቀየርኩት እኔ ባልሆን።

«አገርነሽ፣ ያንቺ አምፖል ነው።»

«አምፖሌ ምን አደረገህ?»

«ብርሃኑ ይገባብኛል። ኮከቤን ይበላብኛል።»

«ሌባ ሱቄን ቢበላብኝስ?»

ያም ሆኖ አጠፋሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በሻማ እሸጥ ጀመር። ደንበኞቼ ቆጣሪዬ የተቆረጠ መስሏቸው አዘኑልኝ። መብራት ኃይል ሰፈሩን በሙሉ ሲያጠፋ አገር ሲያማርር ከእኛ ጀርባ ካለው ግቢ አንድ ሰው ብቻ «ተመስገን!» ሲል ይሰማል። ሰፈሩ መብራት የሚያስጠፋው እሱ ነው ብሎ እስከማማት ደርሶ ነበር።

ጭጋጉ አልለቀቀም።

ከእኔ በኋላ ተረኛው ኦይታ ሆነ። ሞተሩን አስነስቶ ሲያሞቅ መሬቱ ይንቀጠቀጣል ተባለ። ኦይታ መኪናውን አስፋልት ዳር ማቆም ጀመረ። ጭጋጉ አልለቀቀም። የሐይቁ እርጥበት ነው ተባለ፤ መምህር ከሜሮን ጸጉር ቤት የጸጉር ማድረቂያ ተውሶ መስታወቱ ላይ ይነፋ ጀመር። ጸጉሩን ለምን እንደማይሠራበት እየጠየቁ የሚያልፉ ነበሩ። ጭጋጉ አልለቀቀም።

አንድ ምሽት ደግሞ ክዳኑን እንደገጠመ ፎቶ ሲያነሳ አገኘሁት።

«መምህር፣ ክዳኑ!»

«አውቃለሁ። ጨለማውን ነው የማነሳው።»

«ጨለማውን?»

«ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው ቆሻሻ አለ። ጨለማውን ለብቻ አንስቼ ከኮከቡ ላይ እቀንሰዋለሁ።»

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እስከዚያ ድረስ ግን ጨለማ ሲቀነስ አላየሁም። «ለእኔም ከሕይወቴ ላይ ትንሽ ቀንስልኝ» አልኩት። ሳቀ። የዚያ ዓመት የመጨረሻ ሳቁ ሳይሆን አይቀርም።

በየካቲት ኦይታ ቴሌስኮፑን በመኪናው ጭኖ መብራት ወደሌለበት ወደ ጫኖ ማሳ ወሰደው። እኔም ሄድኩ፣ መቼም ካልነዘነዝኩት አይሆንለትም። በሙዙ መሃል ሰማዩ ቁልቁል ሊፈስ የደረሰ ይመስል ነበር። መምህር በዓይኑ ሲያየው እንባ ቀረሽ ሆነ። «ይሄን ሰማይ የሚያህል የለም፣ አገርነሽ፤ ይሄን ባዩ» አለ። ፎቶው ሲወጣ ግን ያው ነው። ያው ነጭ ጭጋግ፣ ያው የታጠበች ሴት አምፖል።

ያኔ ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ነቅሎ በራሱ ትንሽ መስታወት ሰማዩን አነሳው። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ኮከቡ ሁሉ የመርፌ ጫፍ ሆነ። ግን በዚያ መስታወት ደመናው ሩቅ ነው፣ አተር እንኳ አይሞላም፤ ማኅበሩ የጠየቀው ደግሞ በቴሌስኮፑ የተነሳውን ነው።

«ስለዚህ ከሰማዩ አይደለም» አለ መምህር። «ከመብራትሽም አይደለም። ከቱቦው ነው።»

«ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው?»

አልጠየቀኝም። ልቡ እዚያ አልነበረም።

የቱቦውን የፊት መስታወት በልዩ ጨርቅ ጠረገው። ንጹሕ ነው። በፀሐይ አየው፣ በባትሪ አየው፤ ንጹሕ ነው። ከፊተኛው መስታወት ኋላ ተጠግቶ የተቀመጠ ሌላ መስታወት እንዳለና በሁለቱ መሃል የወረቀት ያህል ክፍተት እንዳለ በኋላ ነው ያወቅሁት። አዲስ አበባ ደወለ። ያነጋገረው ናትናኤል የሚባለው የማኅበሩ ልጅ ነው፤ «እርጥበት ውስጡ ገብቶ ይሆናል፣ ሞቅ ያለ ቦታ ያቆዩት» አለው። አርባ ምንጭ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ መፈለግ አያስቸግርም። መምህር ቴሌስኮፑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ጓዳ ውስጥ አኖረው። እኛ በምንቀልጥበት መጋቢት እሱም እዚያ ከረመ።

ሲወጣ ጭጋጉ ብሶ ነበር። ጉንዳንም አብሮ መጣ። ጥቃቅን ጉንዳኖች ከጓዳው ግድግዳ ተነስተው በቴሌስኮፑ እግር ሽቅብ ተሰልፈዋል።

«ጉንዳን ሰማይ ቤት ምን አለው?» አልኩ።

«ጓዳ ውስጥ የተደፋ ስኳር ይኖራል» አለ መምህር፣ በመጥረጊያ እያራገፈ። ሁላችንም አይተነዋል፣ ማንም ምንም አልጠረጠረም።

ክረምቱ ገባ። ሰማዩ ተዘጋ። ያ ደመና የሚወጣበት ወቅት አለፈ፤ ተመልሶ አምሽቶ የሚታየው በታኅሣሥ ነው፣ ቀጠሮው ደግሞ መስከረም ነው። መምህር ከነበሩት ፎቶዎች ሻል ያለውን መርጦ፣ ብዙውን አንድ ላይ እየደራረበ፣ እያፈካ፣ እያደበዘዘ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልቶ ከረመ። የተበላሸ ወጥ በጨው እንደማዳን ነው። አንዱን አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፣ ሲያየው እልህ እንዲይዘው።

እማማ ጣይቱ ግን ወደዱት። አፍንጫቸውን እስኪነካ ተጠግተው አዩት።

«እንዴት ያምራሉ! ሁሉም ያበራሉ፣ ዙሪያቸውን ወዝ በወዝ ሆነዋል።»

«የተበላሸ ነው እማዬ።»

«ምኑ?»

«ወዙ።»

«አንተ ደግሞ! ወዝ ተጠልቶ ያውቃል?»

መስቀል ደረሰ። በጋሞ መስቀል ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቀው ለእሱ ነው። ከካምባ ዘመዶች መጡ፣ ገብሱም ቆጮውም መጣ፣ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤም መጣ። እኛ ወንጌላውያን ነን፣ ደመራ አንለኩስም፤ ቁርጡ ጋ ግን እንገኛለን። እማማ ጣይቱ በርጩማቸው ላይ ሆነው ልጃቸውን ጠሩት፤ ተንበረከከ፤ ከኮባው ላይ ዝቀው አናቱ ላይ አደረጉለትና መረቁት። ትልቅ ሰው ሲከበር፣ አራስ ስትነሳ፣ መንገደኛ ሲሸኝ በእነሱ ዘንድ እንዲህ ነው። ቅቤው በሙቀቱ ወዲያው እየቀለጠ በጆሮው ሥር ይወርድ ጀመር።

«ያቺስ?» አሉ እማማ።

«የትኛዋ?»

«ያቺ ረጅሟ፣ አዋላጇ። አምጣት እንጂ። ዓመት ሞላት እኮ።»

«ምን ልታደርጊያት ነው እማዬ?»

«ልቀባት ነዋ! አምና እንደመጣች ቀብቻት አልነበር? ስንት ምጥ ያየች እኮ ናት፤ ባዶ አናቷን ሥራ ይጀመራል? አንተ ወደ ትምህርት ቤት ሄደህ ነበር። እኔም እንግዳ ናት፣ ደግሞም አዋላጅ ናት ብዬ ተነሳሁ።»

መምህር እንደተንበረከከ ቀረ።

«የት ጋ ነው የቀባሻት?» አለ።

«ግንባሯን። ዓይኗ ዙሪያ። ትንሽ ዓይኗ ውስጥ ገባባትና እንዳይቆረቁራት በነጠላዬ ጠረግሁላት።»

እኔ ኦይታን አየሁት፣ ኦይታ ጉንዳኑን አሰበ መሰለኝ አፉን ያዘ። መምህር ቀና አለ። እማማ እየጠበቁት ነው፤ ልጅ እናቱ ደግ አድርጋ ሲያገኛት የሚለውን እየጠበቁ ነው።

«ደግ አደረግሽ እማዬ» አላቸው። «ዘንድሮ ግን ይቅርባት። ጠግባለች።»

ከሰዓት በኋላ ቴሌስኮፑን አውጥቶ መስታወቱ ላይ ባትሪ በጎን አበራበት። እኔም በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። በሁለቱ መስታወቶች መሃል፣ ከጠርዙ ተነስቶ ወደ ውስጥ የተሳበ ቢጫ ስስ ነገር አለ። ወጥ ድስት ጠርዝ ላይ የረጋ ቅባት የሚመስል። ከላይ ያለውን እማማ በነጠላቸው ጠርገውታል፤ በጠርዙ የቀረው ግን የእኛን ሙቀት አግኝቶ ቀለጠና ወደ ውስጥ ሾለከ። መጋቢት ጓዳ ውስጥ ሲያደርቀው የከረመውም ይሄንኑ ነው፤ ቅቤ በሙቀት አይደርቅም።

«ፍታውና እጠበው ታዲያ!» አለ ኦይታ። «መፍቻ ላምጣ?»

መምህር ለናትናኤል ደወለ። ልጁ በስልክ ሲጮህ እኔ ድረስ ተሰማኝ። «እንዳይነኩት! እንዳይፈቱት መምህር! ሁለቱ መስታወቶች አቀማመጣቸው በፋብሪካ የተለካ ነው፤ ትንሽ ከዞሩ አለቀ። እዚህም የሚፈታው የለም፤ ውጭ አገር ነው የሚላከው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ተናገረ። መምህር «ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ ዘጋው።

«ምን አለ?»

«መጥቶ ይወስደዋል።»

ናትናኤል የመጣው የደመራው አመድ ሳይጠረግ ነው። በምዕራብ ዓባያ በኩል ሌሊት ሲነዳ አድሮ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። ትሑት ልጅ ነው፤ ለእማማ ጣይቱ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። መስታወቱን አየ፣ አሸተተ።

«ቅቤ ነው» አለ። «መምህር፣ ቅቤ እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ?»

እማማ ጣይቱ አማርኛ ባይሆንላቸውም ቅቤ የሚለውን የማይሰሙ አይደሉም። ፊታቸው በራ። ጣታቸውን ወደ ደረታቸው አዙረው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«እኔ ነኝ» አለ መምህር ቀድሟቸው። «አምና በመስቀል ሰሞን በቅቤ እጄ ነካሁት።»

ናትናኤል አመነው፤ ግን ማመኑ ሳይከብደው አልቀረም። «እርስዎ? በስልክ እኔን እንኳ መስታወት በጣት አይነካም ብለው የሚቆጡኝ?»

«እኔ።»

«መምህር፣ ይሄን እኮ መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩት ደግሞ ሌላ ዕቃ ሲመጣ…» አልጨረሰውም።

«ጻፈው።»

በጋሞኛ አንድ ቃል ብተነፍስ እማማ የሆነውን ይነግሩት ነበር። በአማርኛ ብናገር ደግሞ መምህር ይተርፋል። አፌ የተሠራው ለመናገር ነው፣ ሰፈሩ ይመስክር። መምህር ግን አየኝ። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው፤ ምላሴን ነከስኩ።

ሣጥኑ ሲዘጋ መምህር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ሰማዩ ግን ደህና ነው ብለህ ጻፍልኝ። ጥፋቱ የሰማዩ አይደለም።»

ናትናኤል አቀርቅሮ ነበር። «በምን ማስረጃ፣ መምህር? ያለን ማስረጃ ፎቶው ነው። ፎቶው ደግሞ እንደሚያዩት ነው።»

«ጫኖ ሄደህ በዓይንህ እየው።»

«ዛሬ ደመና ነው» አለ ልጁ። እውነቱን ነው፤ ደመና ነበር።

ኦይታ ሣጥኑን ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነለት። እማማ ጣይቱ ልጃቸውን ጠየቁት፤ «ወዴት ይወስዷታል?»

«ሌላ ከተማ እማዬ። እዚያም ይፈልጓታል።»

«ይፈልጓታል እንጂ! ከቤቴ ተቀብታ የወጣች» አሉ። ተነሱና ኮባቸውን ይዘው መጡ። ናትናኤል ምን እንደመጣበት ሳያውቅ ጎንበስ በል አሉት፤ ጎንበስ አለ። ዝቀው አናቱ ላይ አደረጉለት። በጋሞኛ ረጅም ምርቃት መረቁት፤ መንገዱ ይቅና፣ የያዝካት ትውለድ፣ ትውለድ፣ ትውለድ አሉት። መምህር ሲተረጉምለት «መልካም መንገድ ይላሉ» ብቻ ብሎ አሳጠረው። ልጁ ቅቤው በሸሚዙ አንገትጌ እየወረደ ነድቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መምህር ስለ ኮከብ አላነሳም። ማኅበሩም አልጻፈለትም። ቴሌስኮፑ ወደ ሰሜን አንድ ከተማ ሄደ ሲባል ሰምተናል፤ ታጥቦ ይሁን ከነቅቤው አላውቅም። እዚያ ምን አዩበት ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄው «እኔ ምን አውቄ» አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሊያነሳው ሲል እማማ ጮኹበትና ተወው። እንግዳ ሲመጣ እሳቸው ናቸው የሚያሳዩት፤ «ሁሉንም ቀብቻቸዋለሁ» እያሉ።

ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ምሽት ሳሙና ሊገዛ ወደ ሱቄ መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ እኔ እንኳ ያቺን የደመናዋን ቦታ አውቃት ስለነበር ወጥታ አየኋት። እሱ ቀና አላለም። በሻማው ብርሃን ዝርዝር ሳንቲም ስፈልግለት ቆይቶ፣

«መብራት አለ እኮ» አለኝ። «ለምንድን ነው የማታበሪው?»

«ለምጄ ነው መሰለኝ።»

«አብሪው እንጂ አገርነሽ። ማንን ነው የምትጠብቂው?»

ማብሪያውን ተጫንኩት። አምፖሉ ዙሪያ ትንኝ ወዲያው ተሰበሰበ። መምህር ሳሙናውን ይዞ ወደ ግቢው ገባ፣ በሩንም ዘጋ።